ለአባቴ የተሰጠው ግጥም

በውጭ አገር፣ ዚንድሊንገን ባለው ኩሽናዬ የማሲንቆዬን ደጋን ድምፁ እንዲጠራ የዛፍ ሙጫ ስቀባ፣ ሽታው አባቴ ይጫወትበት ወደነበረ የሠርግ ዳስ ወሰደኝ። አዝማሪ የተሰጠውን ግጥም፣ ስድብም ቢሆን፣ ተቀብሎ ማዜም አለበት።

አንድ እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ ተነሣ፦

«አዝማሪና ውሻ ደጅ ነው ማደሪያው።»

አባቴ ሊያዜመው አፉን ሲከፍት ከጎኑ የተቀመጥኩት እኔ ትንሿ ልጁ ቀደምኩት፦

«ያላዝማሪ ሠርጉ ለቅሶ ነው ማብቂያው!»

ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ፣ «እንዲህ ያለ አፍ ባል ያጣ ይሆናል እንጂ እንጀራ አያጣም» አለኝ። ተቆጣኝ ወይስ አመሰገነኝ፣ አልገባኝም። በማግስቱ ግን ማሲንቆውን አስያዘኝ። ይኸው ስዘፍን ኖርኩ።

«እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ መድረኩ ይቅርብሽ፤ ሰው ምን ይላል?» አለኝ አሁን ወደ ኩሽናው የገባው ልጄ።

ቅዳሜ የምዘፍንበትን ቀሚስ እንዲተኩስልኝ ሰጠሁት።