የቀረ ሰው አለ?

አክስቴ ለተማሪዎቻቸው ታሪክ ሲመርጡ የሚሏት አንዲት ቃል ለመታሰቢያ ትበቃ እንደሆነ እጠራጠራለሁ። አሰላ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ መምህርት ነበሩ፤ አንድ ታሪክ አንብበው ሲጨርሱ እንደ ሮቤ ሚኒባስ ረዳት «የቀረ ሰው አለ?» ይላሉ።

ሲታመሙ ምርጫውን ለእኔ፣ ለዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪው፣ ሰጡኝ። ስለ አንድ ሯጭ የተጻፈ ታሪክ አነበብኩላቸው።

«በክራንች የሚሄደው ተማሪዬስ የት ይሳፈር?»

«እትዬ፣ ለሁሉም ቦታ ከየት ይመጣል?»

«ረዳቱ አንተ አይደለህ? ጠጋ ጠጋ በሉ በላቸው!»

ክራንች የያዘ ልጅ ሰፈሩን የሚያስቅበት ታሪክ ሳገኝ እሳቸው አርፈው ነበር። ካርድ ሊቀበሉ ለመጡት ተማሪዎቻቸው፣ በክራንች የሚሄደው ተማሪ ቢከፋውስ ብዬ እየሰጋሁ አነበብኩት። ሳቀ። ወደ አክስቴ ባዶ ወንበር ዞርኩ፤ «የቀረ ሰው አለ?» የሚለኝ ግን አልነበረም። ቀኑ ሰኔ ሠላሳ ነበር።