ሳይድን የተመሰከረለት ጠባሳ

ከግራ ጆሮዬ ሥር፣ አንዲት ብጉንጅ ትታልኝ የሄደቻት ጠባሳ ነበረችኝ። ከዓመት ዓመት እየወፈረች አውራ ጣት አክላ ነበር። ታሳክካለች ደግሞ። አምቦ ሳስተምር ተማሪዎቼ እሷን እንጂ ሰሌዳው ላይ የምጽፈውን አያዩም ነበር።

አዲስ አበባ ያገኘሁት የቆዳ ሐኪም አንድ ነገር ደጋግሞ ነገረኝ። «የሌዘሩ ጨረር ጠባሳውን ያለሰልሰዋል፤ ስቴሮይድ የሚባለው መርፌ ደግሞ እብጠቱን ይቀንሰዋል። ሁለቱን አብረን ነው የምንሰጥሽ። በየወሩ፣ ስድስት ጊዜ ትመጫለሽ። ዝቅ ሲልልሽ ድኛለሁ ብለሽ እንዳትቀሪ፤ ተመልሶ ይመጣል።»

መርፌው እዚያ ደረቅ ጠባሳ ውስጥ ሲገባ ነፍስ ያወጣል። ወደ አምቦ ስመለስ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ጊንጪ ቆሞ ሰው እስኪጭን ጥርሴን ነክሼ እቀመጥ ነበር። ግን በሦስተኛው ወር ጠባሳዬ ከቆዳዬ እኩል ሆነ። ማሳከኩም ተወኝ።

በዚያው ወር አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እናቴ ብድግ አለች። «በጾም በጸሎት የያዝኩትን የልጄን ጠባሳ ጌታ አጠፋው! ኑና እዩ!» አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። ስለ ሌዘሩ ትንፍሽ አላለችም። እኔ መዘምራኑ መካከል ቆሜ ነበር። እና ምን አልኩ? «አሜን» አልኩ። እስከ ዛሬ የምትከነክነኝ ያቺ አሜን ናት።

ለአራተኛው ቀጠሮ ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ እናቴ በር ላይ ቆመች።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ወዴት ነው? መናኸሪያ ሰው ቢያይሽ ምን ይላል? ጌታ ዋቃዮ የፈወሰውን ሐኪም ሊጨርስለት ነው?»

«እማዬ፣ ገና ሦስት ይቀረኛል እኮ!»

«ምንም አይቀርሽም።»

ቀረሁ። ስንቱን ተማሪ የምቆጣ መምህርት እናቴን አልፌ መሄድ አቃተኝ።

ጠባሳው ግን ምስክርነቱን አልሰማም። ዓመት ሳይሞላ ተመለሰ፣ ያውም ከበፊቱ ብሶ። በዚያ ሁሉ ፀሐይ አንገቴ ላይ ስካርፍ መጠምጠም ጀመርኩ። እናቴ ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። አለመጠየቋ ከማሳከኩ በላይ ያናድደኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አንዲት ሴት ልጇን ይዛ ከእጃጂ ከተማ ቤታችን ድረስ መጣች። የልጅቷ ትከሻ ላይ የእኔን የመሰለ ጠባሳ አለ።

«ሌዘሩንም መርፌውንም ሁለት ጊዜ ወስዳ ነበር» አለችኝ። «በጸሎት መዳንሽን ስንሰማ ግን ተውነው። እስቲ የዳነውን አሳዪን።»

እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ መሬት መሬቱን ታያለች። ስካርፉን ፈታሁት።

«እኔም ዝቅ ሲልልኝ ተውኩት፤ ይኸው ተመለሰ» አልኩ። «እናንተ ሳትጨርሱ እንዳትተዉት።»

ሴትዮዋ አፏን በእጇ ያዘች። እናቴ ቀና ብላ አንገቴን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞራ፣ «የልጅሽ ቀጠሮ መቼ ነበር?» አለቻት።

የእኔን አልጠየቀችኝም።