የዒድ ፊልማችንና የወንድሜ ትርጉም

በእንግሊዝኛው ፊልም ላይ አባትየው ልጁን «ሳልሰማሽ ቀረሁ፣ ይቅር በይኝ» ሲላት፣ እኔ ጓዳ ሳህን እያጠብኩ በጆሮዬ ብቻ እከታተል ነበር።

ለዒድ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ በመሥሪያ ቤት ዋይፋይ ያወረድኩት እኔ፣ ለአክስቴ ወደ ቋንቋችን ወደ በርታኛ የምተረጉመው እኔ፣ የማጥበውም እኔ።

«ምን አላት?» አለች አክስቴ።

ወንድሜ ሐሚድ «ትምህርቱ ይበቃሻል፣ አግቢ አላት» ብሎ ተረጎመላት።

«አላህ ይባርከው! ሰማሽ አንቺ?» ብላ ወደ ጓዳ ጮኸች።

ማስተርስ ያላት ሴት፣ እኔው፣ አረፋ የሚንጠባጠብ ሳህን ይዛ ሮጣ ወጥታ፣ «ይቅርታ ነው የጠየቃት!» ብላ ለማታውቃት የፊልም ፈረንጅ ጠበቃ ቆመች። ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። ፊልሙን ሦስቴ አይቼ ሦስቴ ያለቀስኩበት መሆኑንም ለማስረጃ ብዬ ራሴ ተናገርኩ።

እናንተስ ቤት ማን ያያል፣ ማን ያጥባል?

እኔ ግን ከእንግዲህ ጓዳ ሆኜ ሳሎን ስለ ትዳሬ ሲወሰን ዝም አልልም። ፊልሙ ይቆማል፣ ሐሚድም ተነስቶ ያጥባል።