ተዛወረ የተባለው አውራ በግ

ከዚህ በፊት የራሴን ነገር ጽፌ አላውቅም። የሰው ጽሑፍ ግን ቀኑን ሙሉ ስተይብ እውላለሁ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። መንዝ፣ ሞላሌ ከተማ፣ ገበያው አጠገብ ያለው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት የእናቴ የአክስት ልጅ ናት፤ እትዬ እላታለሁ። መተየብ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ከደንበኛ ጋር ማውራት ስለሚያሳፍረኝ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ እንድቀመጥ ፈቅዳልኛለች።

አባቴ በሞተ በወሩ ገደማ ጥቁሬን እንደለበስኩ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ሰው ሁሉ እንዴት አዝና ይሆን ይላል፤ እኔ ግን ምንም አይሰማኝም ነበር። እጄ ይሠራል፣ ዓይኔ ያያል፣ በቃ።

በዚያ ሰሞን አንድ የእንስሳት ባለሙያ የጥናት ጽሑፉን ይዞ መጣ። ያጠናው በእኛ ቀበሌ ስላለው የበግ ማኅበር ነበር። ማኅበሩ ጥሩ ዝርያ ያለው አውራ በግ ይመርጣል። በጉ አንድ አባል ቤት ይከርምና ከጎረቤቱ እንስት በጎች ጋር ይሰማራል፤ ከዚያ ወደ ሌላው ተረኛ ይሄዳል። የመጨረሻው ጠባቂ አባቴ ነበር።

ባለሙያው ዕቅዱን ሲያወጣ ሁሉንም «ይደረጋል» እያለ ነበር የጻፈው። አሁን ጥናቱ ስላለቀ «ተደረገ» መባል አለበት አለኝ። ሁልጊዜ እውነት የሆነውን ግን እንዳልነካ፣ የመንዝ በግ ብርድ ይችላል የሚለውን «ቻለ» እንዳላደርገው ነግሮኝ ሳቀ። እትዬም «እሷ ትሠራልሃለች እንጂ አትስቅልህም» አለችው።

እትዬ የዕቅዱን ወረቀት ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ እየተከተልኩ እለውጣለሁ። በጎቹ ይመዘናሉ፤ ተመዘኑ። ጸጉራቸው ይሸለታል፤ ተሸለተ። አርቢዎቹ ይጠየቃሉ፤ ተጠየቁ። ከተጠየቁት አንዱ አባቴ ነበር። «አንድ አዛውንት በግ አርቢ» ነው የሚለው እንጂ ስሙ የለም፤ ንግግሩን ግን አወቅሁት። በግ የሚመረጠው በላቱ ሳይሆን በአረማመዱ ነው ይል ነበር፣ እዚያም ያንኑ ብሏል። እትዬ እዚህ ስትደርስ ነፍስ ይማር አለችና ማንበቧን ቀጠለች። እኔም ቀጠልኩ።

ከዚያ «አውራ በጉ ወደ ተረኛው አባል ይዛወራል» የሚለው መጣ። «ተዛወረ» ብዬ ጻፍኩ። ጻፍኩና እጄ ቆመ። ጠዋት ከቤት ስወጣ በጉ ግቢያችን ታስሮ ነበር። ከለቅሶ ቤት ከብት ጎትቶ የሚወጣ ሰው በእኛ አገር የለም፤ ተረኛው ጎረቤታችንም የአባቴ የመቃብር አፈር ሳይደርቅ እንዴት ብዬ እወስደዋለሁ ብሎ ቀርቷል። እናቴም ነገሩን አላነሳችም። አባቴ ያደርግ እንደነበረው፣ ጠዋት ጠዋት ገብስ በእጇ ታበላዋለች። ዝም ብል በጉ በወረቀት ላይ ሄዷል፤ ባለሙያው አይጠይቅም፣ ጎረቤታችንም አፍሮ አይጠይቅም፣ እናቴም ማብላቷን ትቀጥላለች።

ባለሙያው ጽሑፉን ሊወስድ ሲመጣ አንገቴን ደፍቼ፣ «ጋሼ፣ በጉ እኛ ቤት ነው ያለው» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ የጻፍኩትን አነበበ። የአባቴን ሞት ሰምቶ እንደነበር፣ በጉ ግን በተራው የሄደ መስሎት እንደነበር ነገረኝ። ያልሆነውን ሆነ ብሎ ማስገባት ስለማይችል ከማኅበሩ ሊቀመንበር ጋር ተነጋግሮ ነገሩን እንደሚጨርስ፣ ጽሑፉም እስከዚያ እንዲቆይ ተናግሮ ወጣ።

«አፍሽ የተፈታው ለዚህ ነው?» አለችኝ እትዬ።

ቅዳሜ ሊቀመንበሩና ተረኛው ጎረቤታችን መጡ። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ደጅ ቆመው እንደገና እግዜር ያጥናችሁ አሉ። ሁለቱም ገመዱን አልነኩም። በመጨረሻ እናቴ ራሷ ፈትታ ሰጠቻቸው። በጉ አልተንገራገረም፤ እንደ ማንኛውም ቀን ተከትሏቸው ሄደ። ዳገቱን እስኪያልፉ በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። አረማመዱ አባቴ እንዳለው ነበር። አለቅሳለሁ ብዬ ጠበቅሁ፣ እንባ ግን አልመጣም። ሰኞ ሥራ ስገባ «ተዛወረ» የሚለውን ቃል መንካት አያስፈልገኝም፣ አሁን እውነት ሆኗል ብዬ ብቻ አሰብኩ።

እናቴ ተመልሳ የበግ ጸጉሯን መፍተል ጀምራ ነበር። ከእንዝርቷ ቀና ሳትል እንዲህ አለችኝ፦

«አባትሽ ቢኖር እሱ ራሱ ነበር የሚያደርሰው። በሩን ዝጊው፣ ብርድ ገባ።»