«ለ» ይጠብቃል

መምህርቷ የተማሪዎቿን ስም የምትጠራው በመዳፏ ነው። ሃያ ሦስት የአራትና የአምስት ዓመት ሕፃናት ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ለአንዷ ሁለት ረጃጅም ጭብጨባ፣ ለሌላው ሦስት ፈጣን ሰጥታቸዋለች። የተጠራው ልጅ ስሙን መልሶ ያጨበጭባል፤ ጓደኞቹም ባንድ ድምፅ «አለ!» ይላሉ፤ ሴት ከሆነች «አለች!»። «ለ» ላይ ሲደርሱ መዳፋቸውን ገጥመው ትንሽ ያቆዩታል፣ ይጠብቃላ! ላላ ካደረጉት፣ የሆነ ሰው የሆነ ነገር ተናገረ ማለት ይሆናል። በጽሑፍ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው ጆሮ ነው። ጠዋት ፀሐይ በቢጫው መጋረጃ አልፋ ስትገባ ክፍሉ ሞቅ ይላል፣ ግማሹ ልጅ በሕልሙ የሚያጨበጭብ ይመስላል።

«ፊደል ማስቆጠሩን ትታ ስታስጨበጭብ ትውላለች» እያሉ የሚያሟት ወላጆች አልጠፉም። እሷ ምን ተዳዋ! «ምት የያዘ ልጅ ቃልም ይይዛል። ጭንቅላቱ ውስጥ መንገድ እየጠረግሁለት ነው» ትላቸዋለች። መንተባተብ ያስቸገራት አንዲት ልጅ ጉልበቷን መታ መታ እያደረገች መናገር ስትጀምር ሐሜቱ ጋብ አለ።

ትምህርቷ አልገባ ያለው ባሏን ብቻ ነው። ሰዓት ሠሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ቀጭ ቀጭ ሲሰማ ይውላል፤ ሁለት ጊዜ በልኩ አጨብጭብ ቢሉት ግን ላብ ያጠምቀዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ ‹ለ› ይጠብቃል!» ትለዋለች።

«ማንን?» ይላታል።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህችኑ ቀልድ ደጋግሞባታል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስቃለታለች።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጫማዋን እያሰረች ሳለ ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ከዷት። ከሆስፒታል ስትወጣ እግሯ ተመልሶላታል፣ ቃል ግን አልተመለሰላትም። የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች፤ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ባዶ ነው።

«ከአንጎላቸው የተጎዳው የቃል ቤቱ ነው» አለው ሐኪሙ ባሏን። «የዜማና የምቱ ቤት በወዲያኛው በኩል ነው፣ እሱ ደህና ነው። በግራ እጃቸው ምት እያስያዙ ያለማምዷቸው። ቃሉ በዚያ በኩል ዞሮ ይመጣ ይሆናል።»

ሰዓት ሠሪው ክው አለ። ከሰው ሁሉ ተመርጦ እሱ ምት ሊያስይዝ!

ቢሆንም ሱቁን ከቀትር በኋላ እየዘጋ አልጋዋ ጫፍ ላይ ይቀመጥ ጀመር። ግራ እጇን ይዞ ጉልበቷ ላይ መታ መታ ያደርጋል። አንድ ወር አለፈ፣ ሁለት ወር። እሷ መስኮቱን እያየች በሐሳብ ትሄዳለች፤ ቢጫው መጋረጃ ይመጣል፣ ክቡ ይመጣል፣ ጭብጨባው ዞሮ ዞሮ እሷ ጋ ሲደርስ ዝም ይላል። ከዚያ ትነቃለች፤ ባሏ አሁንም እየመታ ነው፣ አሁንም ልክ አይደለም። እሱ ደግሞ ከእንግዲህ የሚቆጣው ሰው እንዳያጣ ፈርቷል።

አንድ ቀን «እስቲ ዛሬ አንቺን እንጥራሽ» አላት። ልጆቹ ለሷ ያወጡላትን ጭብጨባ፣ አንድ ረጅም ሁለት አጭሩን፣ እንደምንም አጨበጨበ። ጠበቀ። በልጆቹ ፈንታ ራሱ «አለች» አለ፤ አላልቶ፣ ተናገረች እንደማለት። እሷ ደግሞ ምንም አልተናገረችም።

ግንባሯ ቋጠር አለ። እሱ አላየም፤ ደገመው። አሁንም ላላ። ሰለሰው።

ግራ እጇ ተነሥቶ አንጓውን ለቀም አደረገው። መዳፉን ጉልበቷ ላይ አንዴ መታችው፣ ሁለተኛው ላይ ተጭና ያዘችው፣ አልለቀቀችውም።

«አል... ለች!»

ድምፁ የሻከረ ነበር፣ የንዴት ነበር፣ የሷ ነበር። ሰዓት ሠሪው እንባው በጉንጩ ወረደ፤ እጁን ለማስለቀቅም አልሞከረ። እሷ ቁጣዋ ገና አልበረደላትም። እጁን እንደያዘች፣ በምት በምቱ፣ የሠላሳ ዓመቷን ቃል አወጣችው።

«‹ለ›... ይ... ጠብ... ቃል!»

«ማንን?» አለ፣ ከልማዱ የተነሣ፣ አምልጦት።

መምህርቷ ቀና ብላ አየችው። ሁለት ወር አልጋዋ ጫፍ ላይ የተቀመጠውን ሰውዬ አየችው። መዳፉን ሁለቴ መታ መታ አደረገች።

«እ... ኔን» አለች።

ይህን «አለች» አላልታችሁም አጥብቃችሁም ብታነቡት ልክ ነው።