የሁለት ወንድማማቾች ማዘርቦርድና ፕሮሰሰር

የሚሰበር ነገር በእጃችሁ ይዛችሁ፣ በዙሪያችሁ ያለው ሰው ሁሉ «ጫን በለው!» እያለ፣ ልባችሁ ብቻ «ተው» ብሏችሁ ያውቃል? እኔ ላይ ቡታጅራ ሳለሁ፣ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በአረፋ ማግስት ደርሶብኛል።

የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ባላቸው የሞቱባቸው የበርበሬ ነጋዴ ነበሩ። ሴት ልጃቸው አረብ አገር ሄዳ እዚያው ተዳረች። እናት ልጃቸውን ካዩ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። የሰርጉ ቪዲዮ በፍላሽ ሲመጣ የቤቱ ዲቪዲ ማጫወቻ አላነበበውም። ከትምህርት ቤት ተውሼ ያመጣሁት አሮጌ ኮምፒውተር ደግሞ ድምፁን እያሰማ ምስሉን አቆመው። ሙሽራዋ አፏን እንደከፈተች ደርቃ ቀረች።

እናትየው ደረታቸውን ያዙ። «ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነች እማማ። ፕሮሰሰሩ አቅቶት ነው» አልኩና ማስረዳት ጀመርኩ። ማስረዳት እወዳለሁ። ፕሮሰሰር ማለት የሚያስበው ክፍል ነው፤ ማዘርቦርድ ደግሞ እሱም ሌላውም የሚሰካበት ሰሌዳ። ለሳሎን ቴሌቪዥን የሚሆን ኮምፒውተር ሲመረጥ ትልቅ ጉልበት አይፈለግም። ምስል የማሳየት ሥራ አብሮት የተሠራለት፣ ብዙ የማይሞቅ ፕሮሰሰር ይበቃል። ካልሞቀ ማራገቢያው አይጮህም፤ ካልጮኸ ዘፈኑ ይሰማል። ከሁሉ በላይ ግን የፕሮሰሰሩ ፒኖች፣ እነዚያ ከሥሩ እንደ ብሩሽ የበቀሉት ቀጫጭን እግሮች፣ ማዘርቦርዱ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች ጋር መግጠም አለባቸው። ስለዚህ አዲስ ኮምፒውተር ልገጣጥምላቸው ብዬ የሁለቱንም የሞዴል ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩ።

ዕቃውን መርካቶ የሚነግዱት ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ለአረፋ ሲመጡ እንዲያመጡት ተስማማን። ለአረፋ እናቱ ቤት ባዶ እጁን የሚገባ ልጅ የለም፤ አንዱ ገዝቶ ሌላው ቆሞ ማየቱም ነውር ነው። እናም ተካፈሉት። ማዘርቦርዱ ለታላቅየው፣ ፕሮሰሰሩ ለታናሽየው ደረሰ። ቁጥሮቹን ለየብቻ በስልክ ነገርኳቸው። የቀረውን ዕቃ ወልቂጤ ኮምፒውተር ከሚጠግን ጓደኛዬ አገኘሁ።

በአረፋ ማግስት ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ በዘመድና በጎረቤት ሞላ። እናትየው አዲስ ሻርፕ ለብሰው ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ። ፕሮሰሰሩን ቀዳዳዎቹ ላይ አኖርኩት። አልገባም። የማዕዘን ምልክቱን አይቼ እንደገና አኖርኩት። አልገባም። ዙሪያውን በጣቴ ዳሰስኩት።

«ቲቸር፣ ምን ትዳብሰዋለህ? ጫን በለው እንጂ!» አለ ታላቅየው። ሳሎኑ ሳቀ።

ጫንኩት። ከጣቴ ሥር አንድ ነገር እንደ ቅቤ ለስለስ ብሎ ተኛ።

«ቀስ በል ቲቸር፣ ውድ ነው» አለ ታናሽየው።

«ውዱማ የኔ ነው» አለ ታላቅየው። «ወላሂ፣ ለእናቴ ብዬ ከተነገረኝ የሚበልጠውን፣ አዲስ የወጣውን ነው የገዛሁት። ሻጩም ‹ያው ነው፣ እንዲያውም ይሻላል› አለኝ።»

ያው አልነበረም። ያዘዝኩትና እሱ የገዛው ማዘርቦርድ ሲያዩዋቸው መንታ ይመስላሉ፤ የቀዳዳዎቹ አቀማመጥ ግን ይለያያል። ፕሮሰሰሩን አንስቼ ከሥሩ አየሁ። ሦስት ፒኖች ተጋድመዋል። ቶሎ በመዳፌ ሸፈንኩት።

እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ከፋብሪካው ጣጣ ይዞ መጥቷል ብል ማንም አይመረምረኝም። ግን ታናሽየው የተበላሸ ዕቃ አመጣ ሊባል ነው። ሻጩ ይቀይርልኝ ብሎ ቢሄድ፣ ፒኑን አይቶ ይመልሰዋል። እውነቱን ብናገር ደግሞ ወንድማማቾቹ በበዓል፣ በእናታቸው ፊት ሊጣሉ ይችላሉ። እናትየው ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«መምህር፣ ትታየኛለች?»

«አይገጥምም እማማ» አልኩ። «አለመግባቱን እያየሁ ጫንኩት። ሦስት ፒን አጣመምኩ።»

ታናሽየው ታላቁን አየ። ታላቅየው ፊቱን በእጁ አሸት አሸት አደረገ።

«ጫን በለው ያልኩት እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ያልታዘዝኩትን የገዛሁትም እኔው።»

«ይቃናል?» አሉ እናትየው።

«አላውቅም።»

ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና የስፌት መርፌ ይዘው ተመለሱ።

በማግስቱ ማዘርቦርዱ ሊቀየር ከታላቅየው ጋር ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ ቀዩን ጽሑፍ ራሴ ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጬ ፒኖቹን አቃናሁ። አንድ ጊዜ የተጣመመ ፒን ይቃናል፤ ደጋግመው ካጠፉት ግን ይሰበራል። ስለዚህ አንድ ፀጉር ያህል እገፋና መርፌውን አስቀምጬ ከጎን ከሌሎቹ ፒኖች ጋር አስተያየዋለሁ። እናትየው በበሩ ሲያልፉ መርፌዋን አየት አድርገው ይሄዱ ነበር፤ ይህ ደግሞ ይብስ ያስፈራኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ትክክለኛው ማዘርቦርድ በሚኒባስ ሾፌር እጅ መጣ። ፕሮሰሰሩን አኑሬ ለቀቅኩት። በራሱ ክብደት ወርዶ ቁጭ አለ። ቢሆንም ማብሪያውን የተጫንኩት ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ዘፈን ተሰማ። ባለፈውም ዘፈኑ ተሰምቶ ነበርና አልገለጥኩም። የገለጥኩት እናትየው «ከስታለች» ሲሉ ነው።

እስቲ እናንተም አንድ የማይሠራ አሮጌ ኮምፒውተር ፈልጉና ክፈቱት። የፕሮሰሰሩን መቆለፊያ ዘንግ አንሡ፣ ፕሮሰሰሩን አውጡ፤ ከዚያ ጠርዙን በሁለት ጣት ይዛችሁ መልሳችሁ አኑሩትና እጃችሁን ልቀቁ። ሲወርድ የሚሰጠውን ስሜት ጣታችሁ ይልመደው። ካልወረደ ደግሞ አብሯችሁ ላለው ሰው ወዲያው ንገሩት። እባካችሁ ሞክሩት።