የዘመነ የስልክ መንጋ

ወረታ ውስጥ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያዩበት መገንጠያ ትንሽ ገባ ሲሉ፣ ባጃጆች አፍንጫቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ከሚቆሙበት ጥግ፣ አንዲት ጠባብ የስልክ መጠገኛ ክፍል አለች። ባለቤቱ ዘመነ ይባላል። ዕድሜው ሠላሳን ዘለል ያለ፣ ቁመቱ አጠር፣ ንግግሩም እንደ ቁመቱ አጠር ያለ ሰው ነው። ፊቱ የረገፈ ስልክ፣ ሩዝ ማሳ ውስጥ ወድቆ ጭቃ የጠጣ ስልክ፣ ሕፃን ያኘከው ስልክ ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። ካቻቢቴውን ይዞ አንዴ ካቀረቀረ ደንበኛ እስኪሄድ ቀና አይልም።

ቀና የማይለው ወዶ አይደለም። ዘመነ የባለእጅ ልጅ ነው። አባቱ ነፍሱን ይማረውና ቁሐር ሚካኤል ላይ ወናፍ እየነፋ የአገሩን ማረሻና ማጭድ ሲሠራ ኖሮ ሞተ፤ እናቱ አልጣሽ ደግሞ ዛሬም የአገሩን እንስራና ድስት ትሠራለች። ሰዉ በአባቱ ማረሻ ሲያርስ ኖረ፣ በእናቱ ድስት ሲቀቅል ኖረ፤ ዞር ሲል ደግሞ «ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው አይረፍብህ» ይላል። ይህን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል። አንዲት ሴት በገዛ እጇ በሠራችው ድስት ወጡን ሠርቶ ሲያበቃ፣ ሲጎርስ እንዳታየው ፊቱን የሚያዞር ሰው ምን ይሉታል?

ፎገራ ላይ ከብት የሌለው ሰው ከብት የሚያፈራበት አንድ መንገድ አለ፤ ርቢ ይባላል። ከብት የበዛለት ሰው ለሌለው ጎረቤቱ አንዲት ጊደር ይሰጠዋል። ጎረቤትየው ያበላታል፣ ያጠጣታል፣ ስትወልድ ወተቷን ይጠጣል፤ የሚወለደውን እኩል ይካፈላሉ። ከጥጃውም ከወተቱም በላይ ግን ርቢ ማለት «አምኘሃለሁ» ማለት ነው። በዘመነ እናት ደጅ ጊደር ለርቢ ያሰረ ሰው ታይቶ አይታወቅም። እንዲያውም አልጣሽ በአጠገቡ ስታልፍ ላም የሚያልብ ሰው የወተቱን ዕቃ ጋቢው ሥር ይደብቅ ነበር። ዘመነ ልጅ ሳለ የሚመኘው ጫማ ወይም ብስክሌት አልነበረም፤ አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ እናቱን አምኖ አንዲት ጊደር እንዲሰጣት ነበር። አድጎ ከተማ ከገባም በኋላ ይህች ምኞት አልለቀቀችውም።

እስከዚያው ግን ሌላ መንጋ አገኘ። አንድ ደንበኛ ለጥገና ሰጥቶት ሳይመለስ በቀረ ስልክ ውስጥ አንድ ጨዋታ ነበር። የሚተኮስበት፣ የሚሽቀዳደሙበት፣ ማንም ማንንም የሚያሸንፍበት ጨዋታ አይደለም። አንዲት ደሴት አለች፤ ደሴቷ ላይ ጆሯቸው የጥንቸል፣ ጅራታቸው የጦጣ የሆነ ትንንሽ ፍጥረታት ከእንቁላል ይፈለፈላሉ። ይርባቸዋል፣ ይፈራሉ፣ ይታመማሉ፣ ይዋለዳሉ፣ አርጅተውም ይሞታሉ። ልጁ የእናቱን መልክና የአባቱን ጠባይ ይወርሳል። ስማቸውን እየደጋገሙ ሲጠሯቸው ይለምዱታል፤ በጣት ሲዳስሷቸው ደስ ይላቸዋል፤ ሲቆጧቸው ያኮርፋሉ። ኔትወርክም አይፈልግም፤ ይህ በኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም።

ዘመነ እንደ ከብት ስም አወጣላቸው። ግራጫውን ዳለቻ፣ ዝንጉርጉሩን ቡሬ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላትን ቦቃ አላቸው። የባጃጅ ሾፌሮቹ ሳቁበት፤ «ዘመነ ከብት አገባ» አሉት። እሱ ግድም አልሰጠው። ምሳውን ብቻውን ሲበላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ከፊቱ ያቆመዋል። እነሱ ፍሬያቸውን ይበላሉ፣ እሱም እንጀራውን ይበላል። ሲያያቸው ፊቱን ያዞረ አንድም አልነበረም።

የክፍሏ አከራይ አማከለች ትባላለች። ዕድሜዋ ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ባሕር ዳር የሄዱላት ወይም የሄዱባት ሴት ናት፤ ቤቷ ከዘመነ ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። ላሞቿ ቁሐር ላይ ወንድሟ እንግዳው ዘንድ ናቸው። ክፉ ሴት አይደለችም። ዘመነ ሲያመው አጥሚት ሠርታ ትልክለታለች። ግን እየበላች ሳለ ድምፁን ከሰማች ሳህኑን በነጠላዋ ትከድናለች። እሱም ይህን ስለሚያውቅ ከመግባቱ በፊት ደጅ ላይ ጉሮሮውን ይጠርጋል። በዚህ ሁኔታ ተከባብረው ይኖሩ ነበር፣ መከባበር ከተባለ።

በዚያ ክረምት አማከለች ቁሐር ሄዳ ጭቃው አዳለጣትና እግሯ ተሰበረ። ጀሶ አሰሩላትና አልጋ ላይ ዋለች። ቁጭ ብላ የማታውቅ ሴት፣ ቀኑ አልመሽላት አለ። አንድ ቀን ዘመነ የማይጮኸውን ስልኳን አስተካክሎ ሊሰጣት ገብቶ ሳለ የራሱ ስልክ እጁ ላይ ተከፍቶ ነበር።

«ይች ደሞ ምንድን ናት?» አለችው።

«ቦቃ ናት፣ እትዬ።»

«ትታለባለች?»

«አትታለብም። እንቁላል ነው የምትጥል።»

«እረ ወዲያ! ጡት የላት፣ ቀንድ የላት፣ ምኗ ነው ቦቃ?»

«ግንባሯን ይዩት እስቲ።»

አማከለች አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየች። እውነትም ቦቃ ናት። ከብት መሃል ያደገች ሴት ናትና ወዲያው ጥያቄው መጣ፤ እናቷ ማን ናት፣ ምን ትበላለች፣ ኃይለኛ ናት ወይስ ገር፣ አሁን ጽንስ ይዛለች ወይ? ይዛ ነበር። ጨለማ እስኪሆን ሲያወሩ ቆይተው «በል ለኔም አንዷን ስጠኝ፤ ከዚህ ግድግዳ ጋር ከምፋጠጥ» አለችው።

ዘመነ ምን እንደነካው እንጃ፣ «ለርቢ ልስጥዎ?» አለ።

ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጠው። የባለእጅ ልጅ ለባለከብት ሴት ርቢ ሲሰጥ ማን አይቶ ያውቃል? አማከለች ግን ጀሶዋ እስኪነቃነቅ ሳቀች። «እሽ፣ ለርቢ! የሚወለደው እኩል!» አለች። ዘመነ ጨዋታውን አማከለች ስልክ ላይ ጭኖ ቦቃን በብሉቱዝ አሻገራት።

አማከለች ሙያዋን አሳየች። ቦቃን ስታበላ ዋለች፣ ስትጠራ ዋለች፣ አልሰማ ስትላትም «አንቺ ጋለሞታ!» ብላ ሰደበቻት። ቦቃ እንቁላሏን ጣለች። ከዚያ አንድ ጠዋት ግድግዳው በጩኸት ተሞላ።

«ኧረ ዘመነ! ድረስ! ሊፈለፈል ነው!»

ዘመነ ካቻቢቴውን እንደያዘ፣ ጉሮሮውንም ሳይጠርግ ገባ። ሁለቱ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው፣ እርጥቧ ፍጥረት ቅርፊቷን ሰብራ ስትወጣ፣ ወድቃ ስትነሳ አዩ። አማከለች አዱኛ አለቻት። ዘመነ በዚያ ቀን ምንም ስልክ አልጠገነም ማለት ይቻላል፤ የከፈተውን ሁሉ መልሶ ይዘጋ ነበር።

በማግስቱ ሊጠይቃት ሲገባ ስልኩ አልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ ነበር። ነጠላ ተደርቦበታል።

«አዱኛ እንዴት አደረች፣ እትዬ?»

«ተኝታለች» አለች አማከለች፣ ወደ ጣሪያው እያየች።

ገባው። አራስ ልጅ ይሸፈናል፣ ወተት ይሸፈናል፤ እሱን ለምዶታል። የስልክ ሥዕል ሲሸፈንበት ግን ያኔ የመጀመሪያው ነበር። ወጥቶ ሄደ፤ ምሳውንም ሳይበላ ዋለ።

አማከለች ስልኩን ከነጠላው ሥር አላወጣ አለች። ለመመገብና ለመደወል ብቻ ገለጥ ታደርገውና ቶሎ ትከድነዋለች። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ አዱኛ ጥግ ይዛ ተቀመጠች፤ ፍሬ ቢያቀርቡላት አትነካም። ዘመነ በግድግዳው በኩል አማከለች ከወንድሟ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማ። «አይቷት ነው፣ እንግዳው። በራሴ የፈረድኩት እኔው ነኝ፤ በገዛ አፌ ጠርቸ አሳየሁት» ትላለች።

ሰው ሲያማህ መናደድ አለ። ከመናደድ የባሰ ግን ሌላ ነገር አለ፤ መጠርጠር። ዘመነ ራሱን ጠረጠረ። ተምሯል፣ ስልክ ፈትቶ ይገጥማል፣ ጨዋታው ሰው የሠራው ሥዕል መሆኑን ያውቃል፤ ቢሆንም «ምናልባት?» የሚል ነገር ሆዱ ገባ። የእሱ ስልክ ላይ ያሉትን ዳለቻንና ቡሬን እንዳይጎዳ ፈርቶ ስልኩን እንደበራ ጠረጴዛው ላይ ደፋው። ምሳውን ከባዶ ግድግዳ ጋር ይበላ ጀመር። ይህን ሳስብ ነው እኔ በጣም የማዝነው።

ጥቂት ቀናት ታገሠና ናፍቆቱ ሲያሸንፈው ስልኩን ገለበጠው። ዳለቻም ቡሬም ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ፍሬው ከፊታቸው ሞልቷል፤ የሚነካው የለም። ዘመነ ደነገጠና ስማቸውን ጠራ። ዳለቻ ጆሮውን አነሳ። ደግሞ ጠራው፣ በጣቱ ዳሰሰው። ዳለቻ ተነስቶ እየተጎተተ መጣ፤ ቆይቶም ፍሬውን ገመጠ። ዘመነ በተቀመጠበት ብቻውን ሳቀ። ከዚያ ተነስቶ አማከለች ደጅ ሄደና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ፣ ነጠላውን ያንሡላት።»

«ጭራሽ እንድትሞት ነው?»

«አዱኛን የጎዳት የሰው ዓይን አይደለም። ሰው ሳያያቸው፣ ሳይጠራቸው ሲቀር ነው መብላት የሚተውት። ብቸኝነት ነው የያዛት።»

«አንተ ይህን በምን አወቅህ?»

ዘመነ ውሸት ሊፈልግ ሞከረ፤ አልመጣለትም። «እኔም የራሴን ደፍቻቸው ነበር።»

«ለምን?»

«ዓይኔን ፈርቸ።»

አማከለች አየችው። ክፍሏን ካከራየችው ጀምሮ ፊቱን እንዲህ ቀጥ ብላ አይታው አታውቅም ነበር። የገዛ ዓይኑን የሚፈራ ሰው ከፊቷ ቆሟል፤ እንዲፈራ ካደረጉት አንዷ እሷ ናት። እጇን ሰድዳ ነጠላውን ገፈፈችው።

«አዱኛ! አዱኛየ!» ብላ ጠራች። አዱኛ አልተነሳችም። አማከለች ወደ ዘመነ ዞራ «ምን ትገተራለህ? አንተም ጥራት እንጅ!» ብላ ጮኸችበት። ሁለቱም ጠሩ። እያዩዋት ስትውል ስታድር፣ አዱኛ ከጥጓ ወጣች፤ መብላትም ጀመረች።

አማከለች በዚያች ቀን እምነቷን እንደ ነጠላዋ ገፈፈች ብየ አልዋሻችሁም። ስድሳ ዓመት የተከማቸ ነገር በአንድ ጀንበር አይራገፍም። አንድ ቀን እየበላች ሳለ ዘመነ ሲገባ እጇ ወደ ነጠላዋ ሄደ፤ መሃል ላይ ቆመ፤ ተመለሰና እንጀራ ቆረሰ። እንዲህ እንዲህ እያለ ነው የሄደው።

ጀሶዋ በተፈታ ሰሞን፣ የሩዙ አጨዳ ሲያልቅ፣ እንግዳውን አስጠራችው። «የሰው ርቢ ይዠ ዝም ብየ አልቀመጥም። ከቀይቱ ላም ጊደሮች አንዷን ለዘመነ ስጥልኝ፤ እናቱ ቤት ለርቢ» አለችው።

እንግዳው ጆሮውን ማመን አቃተው። «አንቺ፣ የተሰበረው እግርሽ ነው ጭንቅላትሽ?»

«ላሟ የማን ናት?»

«ያንች።»

«በል እንግዲያ ጊደሯም የኔው ናት።»

ዘመነ ቁሐር ሲደርስ እንግዳው ከቀይቱ ጊደሮች ሁሉ አጥንቷ የሚቆጠረዋን መርጦ፣ ገመዱን ወደ ሌላ እያየ አቀበለው። እንግዲህ ስንት ትውልድ በስልክ ያረባ ሰው ጊደር ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘ። ከፊቷ ሆኖ ጎተታት፤ ተገተረች። በስሟ ሊጠራት ፈለገ፤ ስሟን ግን አልጠየቀም ነበር። ሊዳስሳት ሲጠጋ በርግጫ አለችው። እንግዳው ላለመሳቅ ታገለ፤ አልቻለም።

«ከኋላዋ ሁን እንጅ ሰውየ! ከብት እንዲህ አይሳብም!» አለና ራሱ እየነዳ ወደ አልጣሽ ሰፈር በሚወስደው መንገድ እስከ ወንዙ ሸኛቸው። ከወንዙ ወዲያ አልተሻገረም።

አልጣሽ ደጇ ላይ ጭቃዋን እያሸች ነበር። የኮቴ ድምፅ ሰምታ ቀና አለች። ልጇንና ጊደሯን አንድ ላይ አየች።

«የማን ናት?»

«ለርቢ ናት፣ እምዬ። ላንቺ ናት። እትዬ አማከለች ናቸው የሰጡን።»

አልጣሽ ተነሳች። ፊቷ በራ፣ እልል ልትልም አፏን ከፈተች። ከዚያ ድንገት ጭቃ በያዙ እጆቿ ዓይኖቿን ሸፍና ወደ ግድግዳው ዞረች።

«አዙራት! ከፊቴ ዞር አርጋት ልጀ!»

«ምነው?»

«የሰው አደራ ናት። አይቻት አንድ ነገር ብትሆንስ?»

ዘመነ ሰዉ እንደሚያማት ያውቅ ነበር፤ እሷም አምናው እንደኖረች ግን አያውቅም ነበር። ሰባ ዓመት ሙሉ ከሰው ጥጃ፣ ከሰው ልጅ ፊቷን የምታዞረው ሰውን ፈርታ ይመስለው ነበር።

«እምዬ፣ እዪያት። ካላየሻት እንዴት ታረቢያታለሽ?»

አልጣሽ ፊቷ ግድግዳው ላይ እንዳለ፣ «መልኳ ግን ምን ዓይነት ነው?» አለችው።

«አልነግርሽም» አላት። «ዙረሽ እዪ።»

አልዞረችም። በመጨረሻ የሰለቻት ጊደሯ ናት። ገመዱን ሳብ አድርጋ አልጣሽ ጭቃዋን የምታረጥብበትን የውሃ ገንዳ አገኘችና ድምፅ እያሰማች ትጠጣ ጀመር።

«ኧረ አንቺ! ያ እኮ ጭቃ ነው፣ ሆድሽን ያምሻል!» ብላ አልጣሽ ዞረች።